ከዱባይ ወደ ጎንደር በርካሽ መደወል

እናትሽ አዘዞ፣ በእጃቸው ያለው የቁልፍ ስልክ፣ አንቺ ለሦስት ሳምንት ዱባይ። የሚያዋጣሽ ስማርት ስልክ ያለው አንድ ዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ መያዝ ነው። በቀጠሮ በኢንተርኔት ትደውያለሽ፤ እርሱ ስልኩን ለእናትሽ ያቀብላል።

1. ዋትስአፕን አትመኚው። በኤምሬትስ መልእክትና የድምፅ ቅጂ ይልካል እንጂ ጥሪው ታግዷል። እዚያ የተፈቀደውን ቦቲም የተባለ የጥሪ መተግበሪያ ሳትሄጂ በሁለቱም ስልኮች ላይ ጫኚ። እዚያ ሲም ስትገዢም የኢንተርኔት ጥሪ ለብቻው ያስከፍል እንደሆነ ጠይቂ።

2. ጎንደር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የዱባይ ሰዓት 21፡00 ይላል። ቀጠሮውን በዚህ አስቢው።

3. በቀጥታ ወደ ቁልፍ ስልኩ ለመደወል የመጀመሪያውን 0 ትተሽ +251 አስቀድሚ። ውድ ስለሆነ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይሁን።

ልጁ አጠገባቸው ይቀመጥ። እናቴ በቪዲዮ ስደውልላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስለምትለጥፈው ሳምንት ሙሉ ያየሁት የነጠላዋን ጥለት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ከቦሌ ሳትነሺ የኢትዮጵያ ሲምሽን ዳታ ዝጊ። እኔ ረስቼው ሻንጣዬን ሳልረከብ ሒሳቤ ባዶ ሆነ። ሲሙን ግን አታውጪው፤ ባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክልሽ በእርሱ ነው።