8 በመቶ አደግን ሲባል ማን አደገ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት፣ ስለ ሥራና በክልሎች መካከል ስላለው የኑሮ ልዩነት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2016 ኢኮኖሚው 8.1 በመቶ አደገ ተባለ። እኔን ግን ደሞዜ ወር አያደርሰኝም። ቁጥሩ ውሸት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጂዲፒ ማለት በዓመት ውስጥ አገር ውስጥ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ ነው፤ ዕድገቱ የሚሰላውም የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት ነው። ገንዘቡ ማን እጅ እንደገባ ግን አይናገርም። ደሞዝህ ባለበት ቆሞ ዘይትና የቤት ኪራይ ከጨመሩ አገሪቱ አድጋ አንተ ወደ ኋላ ትቀራለህ። ሌላም ነገር አለ። ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ሕዝቡ ስንት ነው የሚለው ወሳኝ ነው፣ እኛ ደግሞ ሕዝብ የቆጠርነው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአሶሳ ነው። ሕዳሴ ግድብ ያለው እኛ ክልል ነው፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ታዲያ ክልላችን ሀብታም ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጡት ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይሄ ነው። ምርት በተመረተበት ቦታ ይመዝገብ ካልን ግድቡ ያለበት የጉባ ወረዳ ኤሌክትሪክ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምርት ነው፣ ክልሉም በወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ይመነደጋል። ግን የኃይል ሽያጩ ገቢ የሚገባው ለፌዴራሉ ድርጅት ነው፣ መብራቱም ብዙው የሚበራው ሌላ ቦታ ነው። እዚያው ክልል ያለው የመተከል ገበሬ ገቢ በዚህ ብቻ አይለወጥም። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባን ተመልከት። የባንኮችና የትልልቅ ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ፣ ሂሳቡ በዋናው መሥሪያ ቤት ከተያዘ ጅማና ጎንደር ላይ የተሠራው ሁሉ የአዲስ አበባ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ክልል ውስጥ የተመረተው ሌላ፣ የክልሉ ሰው ያገኘው ሌላ ነው። ሁለቱን የሚደባልቅ ዘገባ ስታይ ተጠንቀቅ። ለእኔ የሰው ኑሮ ከፈለግን መመልከት ያለብን ቤተሰቡ የሚበላውንና የሚያወጣውን ነው።

ጥያቄ፦ ያንን የሚለካ አለ?

መልስ፦ አለ። የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ይባላል፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ቤት ለቤት ሄዶ ይሠራዋል። በ2003 ከድህነት ወለል በታች የነበረው 29.6 በመቶ ሕዝብ ነው፣ በ2008 ወደ 23.5 ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የፍጆታ ልዩነትን የሚለካው ጂኒ ከ0.30 ወደ 0.33 ገደማ ከፍ አለ። ጂኒ ዜሮ ከሆነ ሁሉም እኩል ነው፣ አንድ ከሆነ ሁሉን አንድ ሰው ይዞታል። በእውነት ልዩነቱ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፣ ምክንያቱም በጣም ሀብታም ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ለጠያቂ በር አይከፍቱም፣ ከከፈቱም ወጪያቸውን አሳንሰው ይናገራሉ። ደግሞ ጦርነት ባለበት ወረዳ ብዙ ጊዜ ጥናት አይካሄድም፤ በጣም የተጎዳው ሰው ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ብቻ ነው የሚሉት እንዴት ነው? ሰፈሬ ሙሉ ቁጭ ያለ ወጣት ነው።

መልስ፦ ይሄ የ2013 ጥናት ነው፣ ትግራይ አልተካተተችም። አማካዩ 8 ቢሆንም ከተማው ወደ 19፣ ገጠሩ ወደ 5 በመቶ ነበር። ገጠሩ ለምን አነሰ? በዓለም አቀፉ መስፈርት በሳምንት አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። ሩብ ሄክታር ላይ ከአራት ወንድሞቹ ጋር ለገበያ የሚያርሰው ልጅም፣ ጉልት ላይ ቃሪያ ዘርግታ የምትውለውም እናት ሥራ አጥ አይደሉም። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ሥራ ሞልቷል ማለት አይደለም፣ ድሃ ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም ማለት ነው። ከሥራ አጥነቱ ይልቅ በሳምንት ስንት ሰዓት ሠሩ፣ ስንት ተከፈላቸው ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዶላር ሲታይ ኢኮኖሚያችን ቀነሰ የሚሉ አሉ፣ እዚህ ዋሽንግተን እየተከራከርን ነው።

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ያው ምርት ለትልቅ ቁጥር ሲካፈል በዶላር ያንሳል። ዕድገቱን ለማየት የዋጋ ንረቱ የተቀነሰለትን የብር ስሌት ተከተሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሰው ነኝ። የወረዳዬን ኑሮ በምን ልለካው?

መልስ፦ እህቴ፣ በየወሩ አንድ ነገር ጻፊ። በአካባቢሽ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ሁልጊዜ ከአንድ ገበያ፣ አንድ ዓይነት በቆሎ ይሁን። ከጥር ጋር ሰኔን አታወዳድሪ፣ ክረምት ላይ እህል ስለሚወደድ ሰኔን ከአምናው ሰኔ ጋር ነው የምታወዳድሪው።