ያለ ጋዝ ይሻላል ወይስ በጋዝ? የሚግ ብየዳ ጥያቄና መልስ

ሰላም። ባሕር ዳር ውስጥ የበርና የመስኮት በያጅ ነኝ። ስለ ሚግ ማሽን (ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚበይደው) የሚጠይቀኝ ስለበዛ ዛሬ ማታ አንድ ላይ ልመልስ። የብረቱን ውፍረትና የምትሠሩበትን ቦታ ሳትጽፉ ግን አትጠይቁኝ።

የሞጣው፦ ጋሼ፣ የግቢ በር ልሠራ ነው። ቱቦላሬው 1.5 ሚሊ ነው፣ የምሠራው ውጭ ነው። ጋዝ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። አያስፈልግህም። የጋዙ ሥራ የቀለጠውን ብረት ከአየር መከለል ነው። ንፋስ ከመጣ ይበተንና ብየዳህ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ይሆናል። ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ ግን ውስጡ ዱቄት አለው፤ ሲነድ ራሱ ይከልላል። ብቻ ፖላሪቲውን፣ ማለት የገመዶቹን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፣ ቀይር! ያለ ጋዝ ከሆነ ቶርቹ (ሽቦው የሚወጣበት እጀታ) ኔጌቲቭ ላይ፣ ብረቱን የሚነክሰው መቆንጠጫ ፖዘቲቭ ላይ ነው። በጋዝ ሲሆን ተቃራኒው። ባለፈው አንድ ልጅ አዲስ ማሽን “ተበላሸብኝ” ብሎ ተሸክሞ መጣ። እሳቱ እንደ ፈንዲሻ ይረጫል። የጎን ክዳኑን ከፍቼ ሁለቱን ገመድ አቀያየርኩለት፣ አለቀ። በጄ አንድ ብር አልነካሁም፣ አፍሮ ሄደ።

የቡሬው፦ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ስንት ሚሊ? የት? ከላይ አንብብ።

የደብረ ማርቆሱ፦ የኦክስጅን ሲሊንደር አለኝ፣ እሱ አይሆንም?

መልስ፦ በፍጹም! ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወይም ከአርጎን ጋር የተቀላቀለ።

የዳንግላዋ፦ እኔ በቤት ውስጥ ነው የምሠራው። መደርደሪያና ወንበር፣ 1 ሚሊ።

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ጋዝ ግዢ። ስስ ብረት ላይ ያለ ጋዝ ቶሎ ይበሳል፣ ቅርፊቱንም በመዶሻ ማርገፍ አለ። በጋዝ ግን ቀለም ለመቀባት ብዙ አያስለፋሽም። 0.8 ሚሊ ሽቦ፣ ጋዙ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር። ማሽኑን ከመግዛትሽ በፊት ግን ሲሊንደሩን የት እንደምታስሞይ ጠይቂ። ፖላሪቲውንም እዪ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ጋልቫናይዝድ ቧንቧስ?

መልስ፦ ከላዩ የተለበጠውን ዚንክ በግራይንደር አንሳው፣ አየር ባለበት ሥራ። ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥሃል። በጋዝም ያለ ጋዝም ያው ነው።

የእንጅባራው፦ ወተት ጠጥተህ ሥራ፣ ምንም አትሆንም።

የቢቸናው፦ ወተት ሆድ ይገባል፣ ጭስ ሳንባ። ምን አገናኛቸው?

የእንጅባራው፦ አባቴ ዕድሜ ልኩን በያጅ ነው፣ ወተት እየጠጣ!

የሞጣው፦ የወተቱን ዋጋ አይተኸዋል?

መልስ፦ የቢቸናው ልክ ነው። ወተቱን ለልጆች ተዉላቸው፣ ማስክ ግዙ። ወደ ብየዳው ተመለሱ።

የቡሬው፦ እሺ ጋሼ፣ የኔ ማሽን በጣም ይረጫል። ሽቦው ያለ ጋዝ የሚሠራው ነው።

መልስ፦ ፖላሪቲ! ስንቴ ልበል? ክዳኑን ክፈት።

የቡሬው፦ ቀየርኩት። ኧረ እውነትም፣ መርጨቱ ቀነሰ!

መልስ፦ አሁን ውፍረቱን ንገረኝ።