የጌሙ ጨዋታና ትምህርቱ ሲለያዩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ታስተምሪያለሽ። ጌም ክፍል ውስጥ ማስገባት አስበሻል። ወላጆች ግን «ቤት ስልክ ላይ መዋላቸው አንሶ ትምህርት ቤትም ይጫወቱ?» እያሉሽ ነው። «ለማኅበረሰብ የሚጠቅም ጌም» የሚባለውስ እውነት ይሠራል ወይስ የሪፖርት ማሳመሪያ ነው ብለሻል። እኔ ስድስት ዓመት የኮምፒዩተር ክበብ ይዣለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማልና ታገሺኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ የወደቅኩበትን። ክበቡን ስጀምር አንድ የሒሳብ ጌም ነበረን። ጠላት ይመጣል፣ የማባዛት ጥያቄ ብቅ ይላል፣ ከአራቱ ምርጫ ትክክለኛውን ስትነኪ መድፉ ይተኩሳል። ልጆቹ አበዱለት። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ነጥባቸው ሰማይ ነክቷል። በወሩ ያንኑ ጥያቄ ወረቀት ላይ ሰጠኋቸው። ከበፊቱ ፈቀቅ ያለ ልጅ የለም።

ግራ ሲገባኝ አንድ ቀን ከአንዱ ልጅ ጀርባ ቆሜ አየሁት። የክፍሉ አንደኛ ተኳሽ ነው። ጥያቄውን አያነበውም። አራቱን ምርጫዎች ከግራ ወደ ቀኝ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋቸዋል። ስህተት ቅጣት ስለሌለው አንዱ መምታቱ አይቀርም። «ለምን አታሰላውም?» ስለው «ቲቸር፣ ሲያሰሉ ይሞታል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ጌሙ የሚሸልመው ፍጥነትን ነው፤ ልጁም የተማረው እሱኑ ነው። ማባዛቱ መንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ ነበር፤ ዘሎት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ጌም ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ ለማሸነፍ ብሎ የሚያደርገው ነገር ራሱ ትምህርቱ ነው ወይ? ትምህርቱን ነቅለሽ ብታወጪው ጌሙ ምንም ሳይጎድልበት የሚቀጥል ከሆነ ተይው። ስዕሉ ቢያምርም ተይው።

ስክራችን የወደድኩት ለዚህ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2007 ለልጆች ያወጡት ፕሮግራም መሥሪያ ነው። ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒዩተር ላይም ተጭኖ ይሠራል። ልጆቹ የሰው ጌም ከመጫወት ይልቅ የራሳቸውን ይሠሩበታል። ምስሎቹ የሚንቀሳቀሱበት መድረክ መሃሉ ዜሮ ነው። ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ግራ እስከ ነጌቲቭ 240 ይሄዳል፤ ወደ ላይ 180፣ ወደ ታች ነጌቲቭ 180።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ነጌቲቭ ቁጥር ሲነሳ ደብተሯን የምትዘጋ። ስክራች ሲከፈት መድረኩ ላይ የምትቆመውን ድመት ወደ ቀኝ ማስኬድ ችላለች፤ ወደ ግራ ግን እምቢ አለቻት። 10 የነበረውን የእርምጃ ቁጥር 5 አደረገችው። ድመቷ ቀስ ብላ አሁንም ወደ ቀኝ። 1 አደረገችው። አሁንም ወደ ቀኝ። ዜሮ ስታደርገው ድመቷ ቀጥ አለች። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ትንሽ አፈጠጠችና ቁጥሩን ከዜሮ በታች አወረደችው። «ለካ ከዜሮ ወዲያም መንገድ አለ!» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ቆሜያለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገር ኖሮ ቁጥሩን ጽፋ ትቀጥል ነበር፣ በቃ።

ለሳይንሱ ፌትን እዪ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ነጻ የሆነ የሙከራ ማሳያ ነው። ጌም ነው ለማለት ይከብዳል፤ ልጆቹ ግን ይጫወቱበታል። ሽቦና ባትሪ ገጣጥመው አምፖል ያበራሉ። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ካገናኙት በእሳት ይያያዛል። እመኚኝ፣ ሁሉም ሆን ብለው ያቃጥሉታል። አቃጥለው ስቀው ሲጨርሱ «ለምን ተቃጠለ?» ማለት የአንቺ ፋንታ ነው። ያ ጥያቄ ካልተከተለ እሳት አይተው ወደ ቤት ሄዱ ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ለማኅበረሰብ ይጠቅማል ወደሚባለው ጌም ልምጣ። መለኪያዬ እዚያም ያው ነው። ሪ-ሚሽን ካንሰር ለያዛቸው ወጣቶች ተብሎ በ2006 የወጣ ጌም ነው። ተጫዋቹ በታማሚ ሰውነት ውስጥ የምትበር ትንሽ ሮቦት ይዞ የካንሰር ሕዋሳትን ያሳድዳል። ታማሚው መድኃኒቱን ከዘለለ መሣሪያዋ መክሸፍ ይጀምራል። በ2008 በታተመው ጥናት፣ በ34 የሕክምና ማዕከላት ከነበሩት 375 ታማሚዎች መካከል ይህን ጌም የተጫወቱት ሌላ ተራ ጌም ከተሰጣቸው ይልቅ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ወስደዋል። ጭንቀታቸውን ግን አልቀነሰውም። እኔ ጥናቱን ያመንኩት በዚህችው ነው፤ ሁሉን ነገር አሻሻለ የሚል ጥናት ያስፈራኛል።

ፎልዲትም አለልሽ። ተጫዋቾች የፕሮቲን ቅርጽ እያጣጠፉ ነጥብ የሚሰበስቡበት ነው። በጦጣዎች ላይ ኤድስ መሰል በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ አለ፤ የእሱን አንድ ኤንዛይም (ፕሮቲን ነው) ቅርጽ ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተውበት አልተፈታም ነበር። ተጫዋቾቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመፍትሔው የሚያበቃ ሞዴል ሠሩ፤ ውጤቱም በ2011 ታተመ። አብዛኞቹ የሙያው ሰዎች አልነበሩም።

የእኛ ልጆች ትንሽ ነገር ነው የሠሩት፤ ስለ እጅ መታጠብ። የመጀመሪያው ጌማቸው ላይ ሳሙናው ጀርሙን በአንድ ጥይት ይገድል ነበር። አንዷ ልጅ «ሳሙና እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ አፋጠጠቻቸው። ተሟገቱ፣ አነበቡ፣ ቀየሩት። አሁን እጁን 20 ሰከንድ ሙሉ ካላሹት ጀርሙ ተመልሶ ይመጣል። ለታናናሾቻቸው ሲያስሞክሩ አንዱ ትንሽዬ ልጅ «ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው!» ብሎ ተማረረ። ሠሪዎቹ ጌሙ አሰልቺ ሆነ ብለው ሊያሳጥሩት ነበር። እኔ ነኝ እጃቸውን የያዝኩት። ልጁ 20 ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው።

ወላጆቹን አትከራከሪያቸው። ጥሪያቸውና ድመቷን ወደ ግራ እንዲያስኬዱ ስጫቸው። እኔ እንዲህ ሳደርግ በጣም ሲቃወሙኝ የነበሩት አባት ሰዓቱ አልቆ ከወንበሩ አልነሳም አሉ። ሁሉም ግን አይለወጥም፤ እስከ ዛሬ የማይዋጥላቸው አሉ፣ ልጆቻቸውን አላስገድድም።

ኮምፒዩተር አንሶኛል ላልሽው፣ ለሁለት አንድ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። አንዱ ማውሱን ይያዝ፣ ሌላው የሆነውን ደብተር ላይ ይጻፍ፣ በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። ካላስቀየርሻቸው ማውሱን የያዘው አይለቅም። ከክፍለ ጊዜው ግማሹን ለወሬ ተዪው። ስልክ ላይ ስክራች ጣት ያደክማል፣ አልመክርሽም፤ ፌት ግን ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር የምታስተምሪውን ምዕራፍ ጻፊልኝና የሚሆነውን ማሳያ ፈልጌ እልክልሻለሁ።