ቀድሞ የረዘመው ችግኝ ነው የሚሻለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቲማቲም ችግኝ ለማፍላት ሦስት ዓይነት አፈር እየሞከርኩ ነው። አንዱ ኩባያ ውስጥ የጓሮ አፈር ብቻ አለ። ሁለተኛው ኮምፖስት ብቻ ነው። ሦስተኛው አፈር፣ ኮምፖስትና አሸዋ እኩል እኩል ተቀላቅሎበታል። መስኮት ላይ በተርታ ደርድሬያቸዋለሁ፤ የኮምፖስቱ ወደ ግድግዳው ጥግ ነው ያለው። ሁሉንም እኩል ውኃ አጠጣለሁ። ከበቀሉ ሳምንት ሆናቸው፤ ከሁሉም የረዘመው የኮምፖስቱ ነው። ከእንግዲህ በኮምፖስት ብቻ ላፍላ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ ገና አይፍረዱ! ሙከራዎን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ግን እስካሁን ያዩት ልዩነት የአፈሩ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያድገው ዘሩ ውስጥ በተቀመጠለት ስንቅ ነው። የአፈሩ ጥሩነት በደንብ የሚታየው መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ፣ ዋናዎቹ ቅጠሎች መምጣት ሲጀምሩ ነው። ደግሞ ያ ኩባያ ጥግ ላይ ነው ያለው። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ ስለዚህ ርዝመቱ የድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። ግንዱን ይዩት፣ ክር መስሏል?

ሌላው፣ በአንድ ኩባያ ምንም ማወቅ አይቻልም። ዘሩ ራሱ ደካማ ቢሆንስ? ለእያንዳንዱ ድብልቅ ቢያንስ 6፣ ቦታ ካለዎት 10 ኩባያ ያዘጋጁ። ዘሩ ከአንድ ፓኬት ይሁን፣ ጥልቀቱ አንድ ይሁን፣ ኩባያዎቹ ሁሉ ከሥር ይበሱ። ከዚያ በዓይነት በዓይነት አይደርድሯቸው፤ ቀላቅለው ያስቀምጡና በየሁለት ቀኑ ቦታ ያቀያይሯቸው።

ውኃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኩል ማጠጣት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን አሸዋ ያለበት ቶሎ ይደርቃል፣ ኮምፖስት ደግሞ ውኃ ይይዛል፤ በአንድ ልክ ካጠጧቸው አንዱ ሲጠማ ሌላው ይሰምጣል። ኩባያውን አንሳ አድርገው ክብደቱን ይሞክሩት። ሲቀል ያጠጡ፣ ከበደ ካለ ይተዉት።

የጓሮ አፈሩን ነገር ትንሽ ልንገርዎ፣ ብዙ ችግኝ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። ያው አፈር መደብ ላይ ጥሩ ሆኖ ኩባያ ውስጥ ሊያስቸግር ይችላል። መሬት ላይ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ኩባያ ውስጥ ግን ቀዳዳም እያለው ከሥር ይቋጠራል። አፈሩ ደቃቅ ከሆነ አየር የሚባል አይተርፍም፣ ሥሩም ይታፈናል። አሸዋ የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ ግን ሻካራውን፣ ጠጠር ጠጠር የሚለውን ይምረጡ። ደቃቅ አሸዋ ክፍተቱን ሞልቶ ይብሱኑ አየር ያሳጣዋል።

ኮምፖስቱንም ያሽቱት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ወይም ሲነኩት ከሞቀ ገና አልበሰለም፤ ለጋ ሥር ያቃጥላል። በደንብ የበሰለው ግን ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ሽታ አለው። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ ግን አይጨምሩበት፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ስለሚሻማ ችግኙ ቢጫ ይሆናል።

5 ሳምንት ያህል ይጠብቁ። ከዚያ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ነቅለው ሥራቸውን በውኃ ይጠቡ። እኔ ከቁመት ይልቅ የማምነው ይህን ነው፦ ነጭና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሥር፣ ወፍራም ግንድ። በእኔ ግምት ሦስተኛው ድብልቅ ያሸንፋል፣ አፈርዎ ግን ሌላ ሊያሳየን ይችላል።

አሁን ያሉትን ሦስቱን አይጣሏቸው፣ ወደ ብርሃኑ ያስጠጓቸው። የተመዘዘውን ሲያዛውሩት ግንዱን እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ይቅበሩት። ቲማቲም ከተቀበረ ግንዱ ላይ አዲስ ሥር ያወጣል።