ትራቨርሱ አልዘጋ ላላችሁ

ከአራት ኪሎ፦ አንድ ጠያቂ የተዋሰው ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) 90 ዲግሪ መሆን ያለበትን ማዕዘን 100 ብሎ ያነብበታል። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፣ ሙሉ ዙሩን በ400 ግራድ እየቆጠረ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ወደ ዲግሪ መልሰው።

ከካዛንቺስ፦ ጀማሪ ሰርቬየር ነው። ባለ 5 ነጥብ ትራቨርስ (ከነጥብ ነጥብ እየተለካ ዞሮ መነሻው ላይ መዘጋት ያለበት ቅየሳ) ለክቶ የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር 539 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ መጣበት። አለቃው «ጉድለቱን ለአምስት አካፍለህ ጨምርና ጨርስ» አሉት።

አይሆንም ወንድሜ። ከነጥቦቹ ብዛት 2 ቀንሰህ በ180 ስታባዛ 540 ነው። ስለዚህ 2 ደቂቃ፣ ማለትም 120 ሰከንድ ጎድሎሃል። መሣሪያህ ባለ 5 ሰከንድ ነው ብለሃል፤ በአምስት ማዕዘን የሚጠበቀው ስህተት፣ 5ን በ5 ስኩዌር ሩት ብታባዛ፣ 11 ሰከንድ ገደማ ነው። መስፈርቱ ሦስት እጥፍ ቢፈቅድልህ እንኳ 120 አይደርስም። እኩል ማካፈል ከየት እንደመጡ ለማይታወቁ ጥቃቅን ስህተቶች ነው። ይሄ ግን አንድ ቦታ የተፈጠረ ጥፋት ይመስላል። ካካፈልከው አራት ጤነኛ ማዕዘኖችን ታበላሻለህ።

መጀመሪያ አጭሩን መስመር ጠርጥር። 20 ሜትር ላይ መሣሪያው ከችካሉ 1 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢወጣ ማዕዘኑን እስከ 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ያዛባል። 100 ሜትር ላይ 21 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። እኔ ለገሃር አካባቢ ግማሽ ቀን የፈለግሁት ስህተት የትራይፖዱ እግር የሞቀ አስፋልት ውስጥ በመስመጡ ነበር።

ካልተገኘ፣ ማዕዘኖቹን ሳታርም ትራቨርሱን ሣለው። መነሻውንና መድረሻውን በመስመር አገናኝና ከመሃሉ በ90 ዲግሪ ሌላ መስመር አውጣ። ጥፋቱ የአንድ ማዕዘን ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ በዚያ ነጥብ አጠገብ ያልፋል። ሄደህ እሱን ድገም። ለአለቃህም በወረቀት አሳያቸው፤ የሰው ቤት መሠረት የሚቆፈረው በዚህ ቁጥር ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ በፌስ ሌፍትና በፌስ ራይት (መነጽሩን ገልብጬ ሁለቴ) ካነበብኩ ውሃ ልኩ ለምን ያስጨንቀኛል?

አማካዩ የመነጽሩን መስመር ስህተት ያጠፋልሻል። የመሣሪያው ማዘንበል ግን በሁለቱም ፌስ ያው ስለሆነ አይጠፋም። አስተካክይው።

ከፒያሳ፦ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው አጥራቸውን በስልክ ኮምፓስ ለክቶ ከካርታቸው 4 ዲግሪ ልዩነት አገኘ። ጎረቤት ገፍቶናል ይላሉ።

እናቴ፣ በዚህ ከጎረቤት አይጣሉ። ቆርቆሮና የብረት በር አጠገብ የስልክ ኮምፓስ ከ4 ዲግሪ በላይም ይስታል። ልጁ ችካል እንዳይነቅል ይከልክሉት። ይህን በእኔ መልስ አይጨርሱት፣ አደራ። ካርታዎን ይዘው ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ወሰኑ በካርታው ኮኦርዲኔት እንዲለካ በጽሑፍ ያመልክቱ። ቀያሹ ሲመጣም ጎረቤትዎን ይጥሩ፣ አብራችሁ ቆማችሁ እዩ።