አቀንጭራ ማሽላውን ለምን አይምረውም?

ጥያቄ፦ በራያ ቆቦ ሜዳ ማሽላ የምናመርት ቤተሰብ ነን። አቀንጭራ የሚባለው አረም የሚኖረው ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ከሆነ፣ ማሽላውን ሲያጠፋ ራሱንም ማጥፋቱ አይደለምን? አባቴ ደግሞ «መሬት ሲደክም አቀንጭራ ይበረታል» ይላሉ። እውነትነት አለው?
ከቆቦ

መልስ፦ ጥገኛ ከጊዜ ብዛት ለአስጠጊው እየራራ ይሄዳል የሚለው አሳብ በተመራማሪዎችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ነበረው፤ ዛሬ ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው አስጠጊው ቢጎዳ ጥገኛው ምን ያጣል የሚለው ነው። አቀንጭራ የሚያጣው ጥቂት ነው። አንዱ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቁ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮችን ያረግፋል፤ ዘሮቹም ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞቱ ሊቆዩ ስለሚችሉ የዘንድሮው ማሽላ ፍሬ አለመስጠቱ አያሳስበውም፤ ገበሬው ራሱ በመጪው ዓመት ሌላ ማሽላ ይዘራለታልና። ስሙን ያወጡለት አባቶች ጠባዩን በሚገባ አይተውት ነበር፤ የጤና ባለሙያዎች ስለ ሕፃናት «መቀንጨር» የሚሉት ቃልና የአረሙ ስም ሥራቸው አንድ ነው።

የአባትዎ አነጋገር ትክክል ነው፤ የዚህ ምክንያት ደግሞ ከጥያቄዎ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የአቀንጭራ ዘር ርጥበት ስላገኘ ብቻ አይበቅልም፤ በአቅራቢያው ሕያው ሥር መኖሩን የሚያበስረውን፣ ስትሪጎላክቶን የሚባለውን ቅመም (ኬሚካል) ይጠብቃል። ይህ ቅመም እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው፣ የሚገርመው፣ አቀንጭራ ከማያጠቃው ከጥጥ ሥር ነበር። ተክል ጠላቱን የሚጠራ ቅመም ስለ ምን ያመነጫል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፦ ጥሪው የተላከው ለወዳጅ ነው። ፎስፈረስን ከአፈር ለቅሞ ለሥሩ የሚያቀብል ፈንገስ አለ፤ ተክሉ በዚህ ቅመም እርሱን ይጠራል፣ አቀንጭራም ጥሪውን ሰርቆ ያዳምጣል። ፎስፈረስ ባነሰ ቁጥር ማሽላው ጥሪውን ያበረታል፤ በደከመ መሬት አቀንጭራ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማሽላው ዝም ልበል ቢል ደግሞ ወዳጁን ያጣል።

ይሁን እንጂ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የተላመደው ማሽላ ከዚህ አረም ጋር ረጅም ዘመን ስለኖረ የተወሰነ መከላከያ አበጅቷል፤ ከአሜሪካ አህጉር ዘግይቶ የመጣው በቆሎ ግን በአመዛኙ እጁን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደተገለጸው አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች የሚለቁት ስትሪጎላክቶን ዓይነቱ የተለየ በመሆኑ የአቀንጭራን ዘር እምብዛም አይቀሰቅስም። አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው፤ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎችም የዚያው ጥረት ፍሬ ናቸው። ለአካባቢዎ የሚስማማውን ዝርያ የስሪንካ ግብርና ምርምር ማዕከልን ቢጠይቁ ይበጃል።

አቀንጭራ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ሐምራዊ አበባው ታይቶ ከመነቀሉ በፊት፣ ከመሬት በታች ሳለ ነው። ስለዚህ ነቀላው የዘንድሮውን ማሽላ ብዙም አይታደግም፤ ዘር ከመቋጠሩ በፊት ከተነቀለ ግን በአፈሩ ላይ የሚጨመረውን ዘር ይቀንሳል። እንደ ጥጥና አኩሪ አተር ያሉትን ማፈራረቅም እንዲሁ ነው፤ ዘሩን በሐሰት ጥሪ ቀስቅሰው፣ የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ በቀናት ውስጥ እንዲሞት ያደርጉታል።