«ለእናቴ በሽታዋን እንዳልነግራት ምያለሁ»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ ጎንደር አዘዞ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ 57 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲነገረን ታላቅ ወንድሜ ‹ከሰማች ትሞትብናለች› ብሎ ሁላችንንም አስማለን። ለእሷ ‹እጢ ነው፣ በመርፌ ይጠፋል› አልናት። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት 3 ዙር ወስዳለች። በ2ኛው ዙር ሽንቷ ቀልቶ ደም መስሏት ደብቃን ነበር። ከ3ኛው በኋላ ሁለት ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ‹ብርድ ነው› ብላ ጋቢ ደርባ ተኛች፤ እግዜር አተረፋት። አሁን ‹እጢ እንዲህ አያደርግም፣ የገደለኝ መርፌው ነው፤ ከእንግዲህ ጸበሌን ብቻ› ብላ አልሄድም አለች። ነርሷ ‹ቀድሜ አልነግራቸውም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም› ብላኛለች። መተማ የሚሠራው ወንድሜ በየማታው እየደወለ ‹ከነገርሻት እህቴ አይደለሽም› ይለኛል። እዚሁ ያለችው ሚስቱ ደግሞ የእናቴን ስኒና ሳህን ለይታለች። ጨነቀኝ።»

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ የሽንቱና የጋቢው ነገር ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። መልኩ ቀይ ነው፤ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ደም አይደለም፣ ጉዳትም የለውም። ነርሶች ይህን ለታካሚ አስቀድመው ይናገራሉ። በእናንተ ቤት ግን ምክሩን ኮሪደር ላይ ቆመሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ፤ ሽንት ቤት የሚገቡት እናትሽ ናቸው። እኒያ ሴት ደም የሸኑ መስሏቸው ብቻቸውን ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ እናንተ ደግሞ እንዳይጨነቁ ነበር የማላችሁት።

የመንቀጥቀጡ ነገር ከዚህም ይብሳል። ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነው። በዚያ ወቅት የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሰውየው ከተንቀጠቀጠ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ተሂዶ በር ላይ «ኬሞ ላይ ናቸው» ይባላል። ትኩሳቱ ሳይለካ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛትም ምልክቱን ይሸፍናል። እናትሽ ይህን ቢያውቁ ኖሮ በመጀመሪያው ሌሊት ይቀሰቅሱሽ ነበር። «እጢ ነው» የተባለ ሰው ለብርድ ልጁን ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም።

እንግዲህ ፍርዴን ሳልደብቅ ልንገርሽ፦ ምስጢሩ እናትሽን ከሐዘን አላዳናቸውም፤ የገዛ ገላቸው ጠባቂ እንዳይሆኑ ግን ከልክሏቸዋል። ሕክምናውን የተዉትም በግትርነት አይመስለኝም። ለእጢ ተብሎ ፀጉር የሚያራግፍ፣ አፍ የሚያቆስል፣ እህል የሚያስጠላ መድኃኒት ማን ይወስዳል? እኔም ብሆን እተወው ነበር።

ወንድምሽን ግን ክፉ አታድርጊው። አንዲት ሴት በሽታዋን በሰማች በሳምንቷ ሞተች የሚባል ወሬ በየሰፈሩ አለ፤ እሱም ሳይሰማ አይቀርም። እንዲህ ከሚወራላቸው ብዙዎቹ ግን ሐኪም ዘንድ የደረሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ሞታቸው በወሬው ሳቢያ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ መተማ ሆኖ የሚያየው ስልኩን ነው፤ የሚንቀጠቀጠውን ጋቢ አላየም።

ደግሞስ እናትሽ አያውቁም ያለው ማን ነው? በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግሌዘርና ስትራውስ የተባሉ ሁለት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ ባጠኑት ላይ ታካሚውም ቤተሰቡም እያወቁ፣ አንዱ ለሌላው ሲል የማያውቅ መስሎ የሚኖርበትን ሁኔታ ጽፈዋል። እኔ ግን ይህን የተማርኩት ቤቴ ነው። አጎቴ ሲታመም እኛም ተማምለን ደብቀነው ነበር። በኋላ እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው «ሁላችሁም በአንድ ቀን ጨዋ ስትሆኑብኝ ገባኝ» አለኝ። እናትሽ ሻሻቸውን ፈትተው ፀጉራቸውን በእጃቸው ሲያገኙ፣ ስኒያቸው ተለይቶ ሲቀመጥ፣ ምን የሚያስቡ ይመስልሻል?

አነጋገሩ ላይ እንምጣ። እኛ ክፉ ወሬ መንገር አናውቅም አይባልም፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ተመርጦ፣ ሰዓት ተለይቶ ነው። ከዚያ ልማድ ጥንቃቄውን ውሰጂ፣ ቅርጹን ተዪው። ዘመድ ሰብስበሽ በማለዳ እንዳትገቢ፤ ወንድማቸው የሞተ መስሏቸው ይጮሃሉ። አንቺ ብቻ ሁኚ። ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ካለቀ፣ ጎረቤት ከሄደ በኋላ ይሁን። ማታ አይሁን፤ ሌሊቱን ብቻቸውን ያብሰለስሉታል።

መጀመሪያ ጠይቂ እንጂ አትንገሪ፦ «እማዬ፣ አንቺ ይሄ ሕመም ምን ይመስልሻል?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፤ በወሬ አትሙይው። «ያ በሽታ ነው አይደል?» ካሉሽ «አዎ፣ እማዬ» ማለት ይበቃል። ቢያለቅሱ አብረሽ አልቅሺ፤ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» እያልሽ እንባቸውን አታቋርጪ። ስለ ነገው ከጠየቁሽ ሐኪሙ ካለሽ አትለፊ፤ «ትድኛለሽ» ብለሽም አትማይ፣ አንድ መሐላ ይበቃሻል።

«ለእኔ አትንገሪኝ፣ ከወንድምሽ ጋር ጨርሱት» ቢሉሽስ? ያም መብታቸው ነው፤ ስሙን ያለመስማት መብት አላቸው። ያን ጊዜም ቢሆን መድኃኒቱ ከባድ መሆኑን፣ ስንት ዙር እንደሚቀር፣ ሽንት ለምን እንደሚቀላ፣ ትኩሳት ሲመጣ በሌሊትም ቢሆን እንዲቀሰቅሱሽ ይወቁ።

ነርሷን እንደ ጠላት አትያት። የተናገረችው ልክ ነው፤ አቋሟንም አስቀድማ ማሳወቋ ደግነት ነው። አንቺ ካቃተሽ ቀጠሮ ቀን ቀደም ብለሽ ሄደሽ «ከእናቴ ጋር አሥር ደቂቃ ስጪን» በያት። እናቶች ለልጅ የማይጠይቁትን ለነርስ ይጠይቃሉ። ስለ ማስመለሱና ስለ አፍ ቁስሉም ያን ዕለት ራሳቸው ይናገሩ፤ ማስመለስን የሚቀንስ መድኃኒት አለ፣ አፍም በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ውኃ በየቀኑ ሲጉመጠመጡበት ይቀለዋል። በርበሬው ለጊዜው ይቅርና አልጫ፣ አጥሚት፣ ገንፎ ይሞከር። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ሕክምናው እስኪያልቅ አይነካም።

ስለ ጸበል አትከራከሪያቸው። የነፍስ አባታቸውን ቤት ጥሪ፤ ጸበልና መርፌ እንደማይጣሉ፣ ለሕመምተኛም ጾም እንደሚፈታ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ከአንቺ አሥር ምክር ይበልጣል። የምጠይቅሽ ነጭ የደም ሴል በሚወርድባቸው ቀናት ሰው የሚጋፋበት ቦታ እንዳይሄዱና እንዳይበርዳቸው ብቻ ነው።

ለእናትሽ ከመንገርሽ በፊት ለወንድምሽ ደውዪ፤ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ነው። ስለ መሐላው አትጨቃጨቂ። የሁለቱን ሌሊት ነገር እንዳለ ንገሪው፦ ስንት ሰዓት እንደ ጀመራቸው፣ ጥርሳቸው እንዴት እንደተንገጫገጨ። ከዚያ ሥራ ስጪው፤ ለሚቀጥለው ዙር መጥቶ ወንበራቸው አጠገብ ይቀመጥ። መሐላው ከከበደሽ እሱንም ለነፍስ አባትሽ ንገሪ።

ስኒው ግን ቀጠሮ አያስፈልገውም። ግራ ያጋባን ቃሉ ሳይሆን አይቀርም፦ ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን፣ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። በትንፋሽ የሚተላለፈው ቲቢ ነው። ካንሰር በስኒ፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ጥንቃቄ የሚያሻው ከኬሞው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ያህል ሽንትና ትውከት ሲጸዳ ነው፤ መድኃኒቱ በእነሱ ስለሚወጣ ጓንት ይደረጋል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ይህን ለወንድምሽ ሚስት ሳትቆጪ አስረጃት፤ የፈራችው ለልጆቿ ይሆናል። ዛሬ ቡና ስታፈሉ የእናትሽን ስኒ ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ መልሺው፤ አንደኛውንም ለእሳቸው ቅጂ።